ድምፅና ቃል

ቃል ከፍጥረታት ሁሉ ለሰው ብቻ ተለይቶ የተሰጠ ነው ይባላል። ድምፅ ግን የብዙዎች ነው። እንስሳትም በድምፃቸው ይጠራራሉ፤ የትዳር ጓደኛ ይሻሉ፤ አደጋን ያስታውቃሉ፤ ድንበራቸውን ያስከብራሉ። እንግዲህ የእንስሳ ድምፅና የሰው ቃል የሚለያዩት በምንድን ነው? ጥያቄው የተፈጥሮ ትምህርት ቢመስልም ፍጻሜው ሥነ ምግባር ነው።

በምንኖርበት በሶለንቱና አካባቢ፣ በየርቫ ሜዳ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ በአጭሩ የግንቦት ሌሊት ስዊድኖች «ኔክተርጋል» የሚሉት ወፍ ሲያዜም ይሰማል። የሚያዜመው ተባዕቱ ነው። በአንድ ድምፅ እንስቲቱን «ነዪ»፣ መሰሉን ደግሞ «ራቅ» ይላል። ላባው ደብዛዛ ቡናማ ስለሆነ ጌጡ ድምፁ ብቻ ነው። ክረምት ሲቃረብ አገራችንን አቋርጦ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ይወርዳል፤ ብዙዎቻችን ለዓመታት ያልተመለስንበትን መንገድ እርሱ በየዓመቱ ይጓዘዋል።

እስራኤላዊው ሊቅ አሞጽ ዛሃቪ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ባቀረቡት አሳብ፣ ምልክት የሚታመነው ለሰጪው ዋጋ ሲያስከፍለው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማዜም ኃይል ይጠይቃልና ደካማው እንደ ብርቱው ሊያዜም ይቸገራል። ስለዚህ የወፉን ድምፅ ታማኝ ያደረገው ድካሙ እንጂ ደግነቱ አይደለም።

ማታለል ሲቻልስ? በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረውን ጭላዳ እንመልከት። አሊዛ ለ ሩና ባልደረቦቻቸው በስሜን ተራሮች ያጠኑትን በ2013 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። ጭላዶች በተራክቦ ጊዜ ድምፅ ያሰማሉ። እንስቲቱ ከአውራው ተሰውራ ከሌላ ተባዕት ጋር ስትገናኝ ግን ሁለቱም ድምፃቸውን ያፍናሉ፤ ይህንም የሚያደርጉት ይበልጡን አውራው ራቅ ሲል ነው። ከደረሰባቸው በቁጣ ይነሣባቸዋልና።

አንዳንዱ ይህን ሰምቶ «እንስሳም ኅሊና አለው» ይል ይሆናል። ነገር ግን የቅጣት ፍርሃት ኅሊና አይደለም። ፍርሃት አውራው ሃያ ሜትር ሲርቅ ይለቃል፤ ኅሊና ግን ሥራውን የሚጀምረው የሚያየን ሲጠፋ ነው። ጭላዳው አይወቀስም፤ ቃል አልገባምና።

ሰው ግን ቃል ይገባል። ቃልም ከወፉ ዜማ ይልቅ እጅግ ርካሽ ነው፤ «እወድሻለሁ» ለማለት የአንድ ትንፋሽ ድካም ይበቃል። እኛ ስደተኞች ደግሞ ፈተናው ይበረታብናል። አገር ቤት ሳለን የሽማግሌው፣ የጎረቤቱና የዘመዱ ዓይን ቃላችንን ይጠብቀው ነበር። ዛሬ ያ ዓይን ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቋል። እጮኝነት በስልክ ይታሰራል፤ ትዳር በስልክ ይጠበቃል፤ በወዲያ ማዶ የሚሰማው ሰው ከድምፃችን በቀር የሚመዝነው ነገር የለውም። የሚያስፈራንን ርቀን መጥተናል፤ ኅሊናችንን ግን ይዘነው መጥተን እንደ ሆነ እያንዳንዳችን እንጠይቅ።

የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ከኤዶም ገነት የመጡ ሦስት አእዋፍ በሰው አንደበት እንዳነጋገሩት ይተርካል፤ አበው ከአእዋፍ መማርን አልናቁም። እኛም ከሌሊቱ አዜማሚ አንድ ነገር እንማር። እርሱ ለድምፁ ዋጋ የሚከፍለው በተፈጥሮ ግድ ነው፤ እኛ ግን ለቃላችን ዋጋ የምንከፍለው በፈቃዳችን ነው። የተናገርነውን ማንም ሳያየን ስንፈጽመው፣ ያን ጊዜ ድምፃችን ቃል ይሆናል።