ንጹሕ ማን ነው?

ሦስተኛው ዓሣ የሞተው ውሮ በረንዳ ላይ ተቆልፎባት ባደረችበት ሌሊት ነው። በእሷ ላይ የመሠረትኩት ክስም ያኔ ፈረሰ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድመቴ ውሮ ቀድማ ነበረች፤ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየምና አራት ጉፒዎች ይዤ የመጣሁት በኋላ ነው። ውሮን ማንም አላማከራትም፤ ዓሣዎቹንም እንደዚያው። በመጀመሪያው ቀን መስታወቱ ፊት ቁጭ አለች፤ የሚንቀሳቀሰው ጭራዋ ብቻ ነበር። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባል የለ? እኔም ጥበቃ ጀመርኩ። ክዳኑን አጠበቅኩ፣ እንዳትዘልበት ጠረጴዛውን ከሶፋው አራቅኩ፣ የፊልተሩን ገመድ ደበቅኩ። ዓሣን በጤና ማኖር ማለት ለእኔ ከድመት መጠበቅ ማለት ነበር።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ቤት ሳጸዳ አኳሪየሙንም እንደ አዲስ ላድርገው አልኩ። ውሃውን በሙሉ ደፋሁ፣ ጠጠሩን አጠብኩ፣ የፊልተሩን ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ይዤ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣው ጨመቅኩት። ሲያልቅ ኮራሁ።

ማክሰኞ አንዱ ሞተ። ረቡዕ ሌላው። ረቡዕ ማታ ውሮን አኳሪየሙ አጠገብ አገኘኋት፤ መዳፏ እርጥብ ነው። ሌላ ማስረጃ አልፈለግኩም። ጮኽኩባት፣ በረንዳ አውጥቼ ቆለፍኩባት። ዝናብ ነበር። ድምፅዋን እየሰማሁ ተኛሁ።

ጠዋት ሦስተኛው ተንሳፍፏል። ክዳኑ እንደተዘጋ ነው፤ ሰውነቱ ላይ አንድም ጭረት የለም። ጠጋ ብዬ ሳይ ከክዳኑ ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። መዳፏን ያረጠበው እሱ ነበር።

ዓሣዎቹን የሸጠልኝ ልጅ ጋ ደወልኩ። ስለ ድመቷ አልጠየቀኝም።

«እህቴ፣ ስፖንጁን በምን አጠብሽው?»

«በቧንቧ ውሃ። በደንብ አድርጌ።»

«በቃ፣ እሱ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ አሞኒያ ይለቃል፤ አሞኒያ ደግሞ ለራሱ ለዓሣው መርዝ ነው። ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬትን ግን ካልበዛ ዓሣው ይችለዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው እስኪደላደሉ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎሪን የሚጨመረው ደግሞ ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፤ ዓሣንም ይጎዳል። ቆሻሻ ብዬ ያጠብኩት እነሱን በሕይወት ያቆያቸውን ነገር ነበር።

በአማርኛ «ንጹሕ» ያልቆሸሸም፣ ጥፋት የሌለበትም ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ውሃዬ በመጀመሪያው ትርጉም ንጹሕ ነበር። እኔ በሁለተኛው አልነበርኩም።

«አላወቅሽም እኮ» አለችኝ ጓደኛዬ ልታጽናናኝ። እውነት ነው። ግን ውሮም አታውቅም፤ ታዲያ ልዩነታችን ምንድን ነው? አሪስቶትል «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» ሦስተኛ መጽሐፍ ላይ ሰክሮ ያጠፋን ሰው አለማወቁ ነፃ እንደማያወጣው ይጽፋል፤ ላለመስከር ይችል ነበርና። ውሮ ማወቅ አትችልም። እኔ እችል ነበር፤ ስለ ድመት መዳፍ ሁለት ወር ስጨነቅ ስለ ውሃው አንድ ማታ አላነበብኩም።

«ለጣት ለማታክል ዓሣ ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ወንዝ ውስጥ ያለ ዓሣ ውሃው ሲበላሽበት ወደ ሌላ ቦታ ይሸሻል። የእኔ የት ይሸሻል? መሸሻውን የወሰድኩበት እኔ ነኝ። ግዴታዬ የሚመጣው ከዓሣው ትልቅነት ሳይሆን ከዘጋሁበት መስታወት ነው።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን ፍርዴ ምን ያህል ቀላል እንደነበር ነው። ጥፍር ያላት እሷ ናት፣ ስለዚህ ገዳይዋ እሷ ናት። ይህን በሰው ላይም እናደርገዋለን። ቤት ውስጥ ብር ሲጠፋ መጀመሪያ የምትፈተሸው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ብሩ በኋላ ኮት ኪስ ውስጥ ሲገኝ ይቅርታ የሚላት ስንቱ ነው?

አሁን አንድ ጉፒ ቀርቷል። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ ብቻ እቀይራለሁ፤ አዲሱን ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን አሳድረዋለሁ። ስፖንጁን የማጥበው ከአኳሪየሙ በቀዳሁት አሮጌ ውሃ ነው። ለውሮ የቁንጫ መድኃኒት ባደረግኩ ቀን እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ውሃው ውስጥ አልነካም፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ለዓሣ መርዝ ናቸው። ከእሷ ዓይን መደበቅ ሲፈልግ የሚገባበት ተክልም አለው።

ውሮ አሁንም መስታወቱ ፊት ትቀመጣለች። ለድመት ይቅርታ እንዴት እንደሚባል አላውቅም። የበረንዳውን በር በከፈትኩ ቁጥር ሮጣ ሶፋ ሥር ትገባለች።