የገባሪ እምቢታ

ሃይማኖታቸው የተለያየ ሁለት መንግሥታት ከተዋጉ የጠቡ መነሻ ሃይማኖት ነው ማለት ይቀናል። በባሌ ታሪክ ላይ ይህ ፍርድ ሥር ሰድዷል። ከሮቤና ከጎባ ደጋ በጎሮ አልፎ እስከ ሶፍ ዑመርና እስከ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚዘልቀው አገር በመካከለኛው ዘመን የክርስቲያኑ መንግሥትና የምሥራቁ ሱልጣኖች የሚሻሙበት ነበር፤ ሽሚያውንም መስቀልና ጨረቃ ያመጡት ነው ብለን እናልፋለን። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጦርነቱን የወለደው፣ ገባሪው አንድ ቀን አልገብርም ይለኛል የሚለው የአስገባሪው ፍርሃት ነው። ሃይማኖት የመጣው በኋላ ነው፤ የቤተ መንግሥቱን ፍርሃት የተራው ሰው ግዴታ ሊያደርግ።

የ14ኛው መቶ ዘመን ዐረብ ጸሐፊ አል-ዑመሪ ባሌን ከሰባቱ የሐበሻ እስላማዊ መንግሥታት አንዷ አድርጎ ይቆጥራታል። ገዥዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ሆኖም አንዱ ሲሞት ለሥልጣኑ የሚበቁት እጅ መንሻ ይዘው ክርስቲያኑ ንጉሥ ፊት ይቀርባሉ፤ ንጉሡም የወደደውን ይሾማል። የባሌው ገዥማ ከነባሩ የገዥ ቤት እንኳ አልተወለደም፤ ንጉሡን ደጅ ጠንቶ ያገኘው ሹመት ነበር። ንጉሡ ከሁሉ በፊት የሚሻው ጥምቀት ቢሆን ኖሮ፣ ሙስሊም በሞተ ቁጥር ሌላ ሙስሊም መሾሙ ምን ይባላል? የሚሻው ግብርና ታዛዥነት ነበር። ይህ እስከተሟላ ድረስ በባሌ መስጊድ መኖሩ እንቅልፍ አልነሳውም።

እንቅልፍ የሚነሳው የግብሩ መቅረት ነው። የምሥራቁ የአዳል መሪ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ግብሩን ሲያስቀር፣ በ1527 ገደማ (ቁጥሬ በፈረንጆች ነው) አዳልን ሊቀጣ የዘመተው የክርስቲያኑ ንጉሥ የልብነ ድንግል የባሌ ገዥ ደገልሃን ነው፤ ተሸንፎ ተመለሰ። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ንጉሡ ራሱ ድል ሆነ፤ ባሌም ብዙ ሳይቆይ በኢማሙ እጅ ገባ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በእስልምና ትውፊት፣ ነቢዩ ሐበሾች እስካልነኳቸው ድረስ ሙስሊሞች እንዳይነኳቸው አዝዘዋል ይባላል፤ በስደት የመጡ ተከታዮቻቸውን የተቀበለው የሐበሻው ንጉሥ የነጃሺ ውለታ ነውና። ሃይማኖቱ ራሱ በሩን ዘግቶት ነበር ማለት ነው። ትእዛዙ ግን «እስካልነኳችሁ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረበት፤ የግብር ዘመቻ በላዩ ሲያልፍ ቅድመ ሁኔታው ፈረሰ።

ሃይማኖት ሳይኖርበት ይህ ጠብ ምን ይመስል እንደነበር ማየት የፈለገ ሮምና ካርቴጅን ይመልከት። ሁለቱም ብዙ አማልክት ያመልኩ ነበር፤ አንዱ ሌላውን መናፍቅ አላለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ264 በሲሲሊ በመሲና ሰርጥ የተጋጩት፣ አንዱ ሰርጡን ከያዘ ለሌላው ምን ይተርፈዋል በሚል ስጋት ነው። በ201 ካርቴጅ ተሸንፋ በ50 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ 10,000 መክሊት እንድትከፍል፣ ያለ ሮም ፈቃድም እንዳትዋጋ ተፈረደባት። ክፍያውን በ151 ጨረሰች፤ በ149 ሮም ዘመተችባት። ካርቴጅ 300 የመኳንንት ልጆች በመያዣነት ሰጠች። ለ200,000 ሰው የሚበቃ የጦር መሣሪያና 2,000 የድንጋይ መወርወሪያ አስረከበች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ከተማችሁን ትታችሁ ከባሕሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ራቁ የተባሉት። የሚያስፈራ ነገር ያልቀረውን ሕዝብ ይህን ያህል መፍራት፣ ከዕዳ ነፃ መውጣቱን መፍራት ነው። ሮም ግን ጦርነቱ ጻድቅ መሆኑን በሥርዓት የሚያውጁ ፌቲያሌስ የተባሉ ካህናት ነበሯት። የሃይማኖት ጠብ በሌለበትም ቢሆን ንጉሥም ሆነ ሸንጎ የካህን ማኅተም ሳይዝ መዝመት አይወድም።

የሚቃወመኝ አንባቢ ማስረጃ አያጣም። የንጉሥ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን ቤተ ክርስቲያኖቹን መስጊድ አደርጋለሁ፣ በንጉሡ ከተማም ጫት እተክላለሁ ብሎ ዛተ ይላል። የኢማሙ ሠራዊት ገዳማትን አቃጥሏል፤ ብዙ ሰው ሃይማኖትህን ቀይር ተብሎ ተገድዷል። እነዚያ ሁሉ ውሸታሞች ነበሩን? አልነበሩም። በ1543 በወይና ደጋው ጦርነት ከሁለቱም ወገን የወደቀው ወታደር ለእምነቱ መሞቱን ከልቡ ያምን ነበር፤ ይህን መካድ ሟቹን መድፈር ነው። ግን የሟቹ ምክንያትና የላኪው ምክንያት አንድ አይደሉም። ገበሬው ለግብር ክርክር ሚስቱንና በሬውን ጥሎ አይሄድም፤ ለፈጣሪው ይሄዳል። የሰብረዲን ዛቻም ቢሆን መስጊዱን ከዙፋኑና ከከተማው ጋር አንድ ላይ የሚጠቅስ የገዥ ዛቻ ነው።

እንግዲያው ሃይማኖት ንጹሕ ነው ማለቴ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። ልዩነቱ የሚከሰስበት ነገር ነው። ጦርነቱን ሃይማኖት አመጣው ካልን ነገሥታቱን በነፃ እናሰናብታለን፤ ንግድና ግብር ነው ብለን ከዘጋነው ደግሞ ሥልጣን የነበራቸውን ሊቃውንት እናስመልጣቸዋለን። ሊቁ መቃወም ይችል ነበር፤ ሊቃውንት ሲቃወሙም ታይቷል። አል-ዑመሪ እንደሚለው፣ ዐብደላህ አል-ዘይለዒ የተባለ ፈቂህ ካይሮ ወርዶ የግብፁ ፓትርያርክ ለሐበሻው ንጉሥ የተማጽኖ ደብዳቤ እንዲጽፍ ደክሟል። አንድ ሙስሊም ሊቅ በክርስቲያን አባት በኩል ሰላም ሲፈልግ ማለት ነው። ማኅተሙን መንፈግ እንደሚቻል ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ለሰጡት ይጠየቁበታል።

ክርስቲያኑ መንግሥትና አዳል በግብሩ ሲካሰሱ ባሌ ለማናቸውም አልቀረችም። አባ ባሕርይ በ1593 ገደማ ስለ ኦሮሞዎች በጻፈው ታሪክ፣ እንቅስቃሴያቸው በ1520ዎቹ ከባሌ እንደጀመረ ያስረዳል። መነኩሴ ነውና የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ እንዲህ የሚሉ መኖራቸውንም አይሸሽግም። እሱ ግን ሌላ ምክንያት ጨመረ፤ ሕዝባችን በአሥር ወገን የተከፈለ ነው፣ ከአሥሩም የሚዘምተው አንዱ ብቻ ነው አለ። ከማይዘምቱት ወገኖች ቆጠራ ሲጀምርም መነኮሳቱን፣ የራሱን ወገን፣ አስቀደመ።