የቤቱ ጠረን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ጠቢቡ ሰሎሞን ታካቹን ሰው ከገብረ ጉንዳን እንዲማር ልኮታል። እኔ ደግሞ ዛሬ ወደ ተርብ ልውሰዳችሁ። ስለምትናደፍ ቀርቦ የሚያያት የለም እንጂ ብዙ የምታስተምር ፍጥረት ናት።

ተርብ እንጨት ፍቃ በምራቋ እየለወሰች ወረቀት የመሰለ ቤት ትሠራለች። በሰውነቷ ላይ የሳይንስ ሰዎች ሃይድሮካርቦን የሚሉት ስስ ቅባት አለ። ቅባቱ ሰውነቷ እንዳይደርቅ ይጠብቃታል፤ ቅልቅሉም ከቤት ቤት ስለሚለያይ መታወቂያዋ ነው። ያው ቅባት በቤቱ ግድግዳ ላይም ይገኛል። ከውጭ የምትመጣውን ተርብ የቤቱ ተርቦች በአንቴናቸው ይዳስሷታል። ጠረኗ የቤቱ ከሆነ ትገባለች፤ ካልሆነ ትነከሳለች፣ ትባረራለች።

ይህ ዕውቀት ግን እንዲያው ከደም የሚወረስ አይደለም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በተደረጉ ሙከራዎች እንደታየው፣ አዲስ ክንፍ ያወጣች ተርብ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከቤቷ ጋር ከቆየች ጠረኑን ትማራለች። ከቤቱም ከእኅቶቿም ተነጥላ ከቆየች ግን በኋላ የገዛ እኅቷን ከባዕድ መለየት ይሳናታል። እኛስ በ40 ወይም በ80 ቀናችን ክርስትና ተነሥተን፣ ቤቱን ሳንኖርበት ያደግን ስንት እንሆን?

ሆኖም ተርብን እስከ መጨረሻው መከተል አይገባንም። በጣሊያን አገር ቤት መሥራት የማትችል፣ ሠራተኛ ልጅም የማትወልድ ጥገኛ ተርብ አለች። ወደ ሌሎች ቤት በጉልበት ትገባና ንግሥቲቱን ትገድላለች ወይም ታስገብራለች። ከዚያ ሆዷን በቤቱ ላይ ታሻሻለች። የፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዱት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠረኗ የቤቱን ይመስላል። ሠራተኞቹም ልጆቿን እየመገቡ ያሳድጉላታል። ዘበኞቹ ተኝተው አይደለም፤ ጠረን ብቻ ስለሚጠይቁ ነው።

እኛም ጠረን አለን። የነጠላ አጣፋፋችን፣ ሰላምታችን፣ በየንግግሩ የምንጥለው የግዕዝ ቃል ነው። ይህን ሁሉ ክፉ ልብ ያለውም ሰው በአንድ ወር ይማረዋል። በሰው ቤት በሠራተኝነት የምትኖር አንዲት ልጅ ግን ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነጠላ ሳትለብስ መጣች። መቼ ተነሥታ መቼ እንደምትቀመጥ አታውቅም ነበር። ሁለት ሦስቶቻችን ዞር ብለን አየናት፤ አንዱም «ማን ልኮሽ ነው?» አላት። ስሟን የጠየቃት የለም። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም።

ይስሐቅ ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ ያዕቆብ የዔሳውን ልብስ ለብሶ ገባ። አባት ድምፁን ሰምቶ ተጠራጥሮ ነበር፤ የልብሱን ሽታ ባሸተተ ጊዜ ግን ባረከው። (የእግዚአብሔር ፈቃድ በዚያ መፈጸሙ ሌላ ትምህርት ነው።) ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠው መታወቂያ ግን የሚለበስ አይደለም፤ እርስ በርስ መዋደድ ነው። ይህ በአንቴና አይዳሰስም፤ ቀርቦ መጠየቅን፣ አብሮ መቀመጥን፣ ጊዜን ይፈልጋል።

በመጪው እሑድ ከመዝሙር ጥናት በፊት በሩ አጠገብ የምንቆመው እኛው ነን። ያቺ ልጅ የምትሠራበትን ቤት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝና ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።