መስቀሉን ተሳልሞ ሠሪውን መናቅ አይገባም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን ሆይ፤ የሰው ወገን በቋንቋና በመልክ፥ በሥራና በልማድ ቢለያይም የሁሉ አባት አዳም፥ የሁሉ እናት ሔዋን ናት። ልዩነቱ ለመረዳዳት ተሰጠ እንጂ ለመናናቅ አልተሰጠም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፥ እናስተምራለንም።

ዳሩ ግን ከዚህ ትምህርት ጋር የማይስማማ አንድ ክፉ ልማድ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ኖሯል፤ ዛሬም በየስፍራው ፈጽሞ አልጠፋም። ይኸውም ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ቆዳ የሚያለፋውን፥ ሸማ የሚሠራውን ወገን ጠይብ ነው፥ ቡዳ ነው፥ ሰው ይበላል እያሉ ማራቅ ነው። ማረሻውንና ምጣዱን ከእጁ ይገዛሉ፤ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። በገበያ ይገናኙታል፤ በገበታ ግን አይቀርቡትም። ሕፃን በታመመ ጊዜም ጥርጣሬው ቀድሞ የሚያርፈው በእርሱ ደጅ ነው።

እስቲ ነገሩን ከቤተ መቅደስ ጀምረን እንመርምር። ካህኑ የሚያሳልመውን የእጅ መስቀል፥ ጽናውንና ጸናጽሉን የሠራ ማን ነው? አንጥረኛው አይደለምን? ወንጌሉ የተጻፈበትን ብራና የፋቀ፥ ከበሮውን በጠፍር የለጐመ፥ ለብሰን የምንቆመውን ነጠላ የሸመነ ማን ነው? እጁ ርኩስ ከሆነ የእጁ ሥራ እንደ ምን ተቀደሰ? የእጁ ሥራ ከተቀደሰ እጁ እንደ ምን ረከሰ?

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እንደ ተጻፈ፥ እግዚአብሔር ለደብተራ ኦሪት ሥራ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ ወርቁን፥ ብሩንና ናሱን ይሠራ ዘንድ መንፈሱን አሳደረበት። ጥበበ እድ የአጋንንት ስጦታ ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር ማደሪያውን በእርስዋ ባላሠራ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር። የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን የጸራቢ ልጅ ብለው በናቁት ጊዜ የተጎዳው እርሱ አልነበረም፤ ከብዙ ተአምራት የቀሩት እነርሱ ራሳቸው ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 9 እና 10 የተጻፈው ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ያደረው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው። ቁርበት መፋቅ ከበድን ጋር የሚያገናኝ ስለሆነ በአይሁድ ዘንድ የተናቀ ሥራ ነበር። ከሰማይ የወረደውን መጋረጃ ያየው፥ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል የተማረው በዚያ ቤት ሰገነት ላይ ሲጸልይ ነው። ከዚያም ተነሥቶ ወደ አሕዛባዊው ወደ ቆርኔሌዎስ ሄደ። ይህ ስለ ምን ሆነ ቢሉ፥ ሰው የናቀውን ቤት እግዚአብሔር የትምህርት ቤት እንደሚያደርገው ለማስረዳት ነው። የፋቂን ቤት የተጸየፈ ሰው የጴጥሮስን ማደሪያ ተጸየፈ።

ነገር ግን የሚከራከሩ አሉ። «በጠበል ቦታ ታማሚው ሲጮኽ የበላውን ሰው ስም ይጠራ የለምን?» ይላሉ። ለዚህ የምንመልሰው ይህ ነው፤ ሰይጣን የሐሰት አባት መሆኑን ጌታ ነግሮናል። ሐሰተኛ ሰው እንኳ በዳኛ ፊት ምስክርነቱ ካልተቀበለ፥ የሐሰት አባት በተጠመቀ ክርስቲያን ላይ ቢመሰክር እንደ ምን ይታመናል? ጌታችን አጋንንትን እውነት ሲናገሩ እንኳ ዝም አሰኛቸው እንጂ ምስክር አላደረጋቸውም። ስለዚህ የሚያጠምቅ ካህን «ማን በላህ?» ብሎ አይጠይቅ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ድውይ አያድንም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል፥ ንጹሕ ሰውን ከአገሩ ያሰድዳል፥ ደምም ያፈስሳል። የታመመውን ሕፃን በጸሎትና በጠበል ይርዱት፤ ወደ ሐኪምም ሳይዘገዩ ያድርሱት። ስም ሲጠራና ጢስ ሲታጠን በወባ ወይም በሳንባ ምች የሚሞት ሕፃን ደሙ በማን ላይ ይሆናል?

ሌሎችም «የአባቶቻችን ልማድ ነው» ይላሉ። ልማድ ሁሉ ሕግ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ስም መስደብን ከልክለዋል፤ ስድቡም አገርን ባለሙያ እንደሚያሳጣ ገልጠዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ቤተ መንግሥት በአዋጅ የከለከለውን ቤተ ክርስቲያን በዝምታ ልታቆየው አይገባም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የንስሐ አባት የንስሐ ልጆቹን ስለ ጾምና ስለ ስርቆት እንደሚጠይቃቸው፥ ወንድማቸውን ቡዳ ብለው እንደ ሆነ ይጠይቃቸው፤ ቀኖናም ይስጣቸው። በጽዋ ማኅበር ባለሙያው ከወንድሞቹ ጋር ይቀመጥ፥ ተራውም ሲደርስ ጽዋው ወደ ቤቱ ይሂድ። ልጆቹ ለማግባት ሲጠየቁ የዘር ሐሜት የሚያመጣውን ካህኑ አስቀድሞ ይገሥጸው። ይህም በቃል ብቻ አይደለም፤ ካህኑ ራሱ በባለሙያው ቤት ገብቶ እንጀራውን ቆርሶ ይብላ። ምእመናን ከስብከታችን ይልቅ እግራችን የሚገባበትን ደጅ ይመለከታሉና።

በእሑድ ከአንድ ጽዋ የክርስቶስን ደም የተቀበለ ሰው፥ በሰኞ ወንድሙ የጠጣበትን ዋንጫ ቢጸየፍ የተቀበለውን አላስተዋለም። አምላካችን ይህን የምናስተውልበትን ልቡና ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።