ስለ ዐቢይ ጾም፤ ከአፍ የቀረው የማን ነው?



«ካቶሊኮች ጾም አያውቁም» የሚል ነቀፋ በቦረናና በሳይንት ደጋ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ነቀፋው የተነሣው የላቲንን ሥርዓት የሚከተሉ ወንድሞቻችን ጾማቸውን አመድ ተቀብተው በረቡዕ ስለሚጀምሩ፤ 40 ቀንም ስለሚቈጥሩ፤ ዓርብ ዓርብ ሥጋን ሲተዉ ወተትና ቅቤን ስለማይከለክሉ ነው። ነገር ግን አቡነ ያዕቆብ የተባለው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1839 ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ የአገሩን የግዕዝ ሥርዓት አክብሮ ያዘ እንጂ አልናቀም። እኛም በዚሁ ሥርዓት በዘወረደ ጀምረን ቅድስትን፣ ምኩራብን፣ መጻጕዕን እያልን በየሰንበቱ ቈጥረን ሆሣዕና እንደርሳለን። ስለ ቀን ቍጥር መልሱ ይህ ነው፤ ከዚህም በላይ መከራከር አልወድም።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው ሲጾም ላሟ አትጾምም። በሁዳዴ ወተቱ ይታለባል፤ ይናጣል፤ ቅቤው በቅል ይከማቻል። በፋሲካ ዋዜማም ቅቤ እንደሚወደድ በመካነ ሰላም ገበያ የሚውል ሰው ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ 55 ቀን ከአፉ የከለከለውን በመጨረሻ በእጥፍ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ጾመ ወይስ ነገደ? ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የሚገሥጻቸው ሰዎች ከመብል የተከለከሉ ነበሩ፤ ዳሩ ግን በጾማቸው ቀን ጥቅማቸውን አልተዉም። በሁለተኛው ምእት ዓመት በሮም የተጻፈው፣ ወደ ግዕዝም የተተረጐመው የሄርማ መጽሐፍ ነገሩን በግልጥ ያስረዳል፤ በጾም ቀን ሳይበላ የቀረው መብል ዋጋው ተገምቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ ይሰጥ ይላል። እስላሙ ጎረቤታችን እንኳ ረመዳንን ሲፈታ ከበዓሉ ጸሎት አስቀድሞ እህል ሰፍሮ ለድኃ ይሰጣል። እኛ በዚህ ከርሱ ልናንስ ይገባናልን?

ገበሬው ግን፦ «እኔ ራሴ ድኃ ነኝ፤ ቅቤው የግብሬና የልጆቼ ልብስ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ይህን ቃል የሚያቃልል ሰባኪ የገበሬ ቤት ገብቶ የማያውቅ ነው። ሁሉን ስጥ የሚለውም የለም። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ወሎን በመታው ረኃብ እህል ያጣው ሕዝብ ተራበ እንጂ ጾመ አይባልም፤ ጾም ሰው ያለውን በፈቃዱ መተው ነውና። ስለዚህ የተራበውን ሰው «ጹም» ማለት አይገባም። ለርሱ የሚገባው ሌላው ከጾመው ላይ ድርሻውን መቀበል ነው። ሁለት ላም ያለው ግን ከሁለቱ የአንዲቱን የጥቂት ቀን ወተት ቢሰጥ ግብሩ አይጐድልበትም።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። በእምነቱ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ በምኩራብ ሳምንት አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ወደ ደጄ መጣች፤ ልጁ ታሞ ነበርና ጥቂት ወተት ለመነችኝ። እኔም «ጾም ነው» ብዬ መለስኋት። ልጁ ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ጾሙ እርሱን የማያስገድደው መሆኑን አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ለሌሎችም አስተምር ነበር። ወተቱ ተናጠ፤ ቅቤው ተሸጠ፤ በዋጋውም ጋቢ ገዛሁ። በትንሣኤ ሌሊት ያን ጋቢ ለብሼ ስቆም ሴቲቱን በበሩ አጠገብ አየኋት። ልጇን አላዘለችም። ስለ ልጁ ለመጠየቅ አልደፈርሁም፤ እርስዋም አልነገረችኝም።

ከዚያ ዓመት ወዲህ በቤታችን የሁዳዴ ረቡዕና ዓርብ ወተት አይናጥም። ባለቤቴ ጠዋት በጣሳ እየሰፈረች ሕፃን ወዳለበት ጎረቤት ትልካለች፤ የክርስቲያን ነው የእስላም ነው ብላ አትጠይቅም። ቅቤያችን ለፋሲካ ከቀድሞው ያንሳል።