«የማይነገር» ስለሚባለው ቃል

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ኢንኤፈብል» የሚባል ቅጽል አለ። ምንጩ ላቲን ነው። መነሻው «ኢን» እንደ ግእዙ «ኢ» አፍራሽ ሲሆን የቀረው አውጥቶ መናገርን ያሳያል። ስለዚህ ቃሉ በግእዝ «ዘኢይትነገር»፥ በዐማርኛ «የማይነገር» ይሆናል። እንግሊዞች ከአንደበት በላይ ለሆነ ደስታና ውበት፥ ይልቁንም ለእግዚአብሔር ባሕርይ ይናገሩበታል። አይሁድ ከአክብሮት የተነሣ በአፋቸው የማይጠሩትን የአምላክን ስምም በዚሁ ቅጽል ይገልጹታል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ቃሉ ሁለት ምስጢር እንዳለው አስተውል። አንደኛው ሊነገር የማይቻል፥ ሁለተኛው ሊነገር የማይገባ ነው። እኛም «ይህ አይነገርም» ስንል ሁለቱንም እንላለን። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት፥ ምዕራፍ 12፥ ወደ ገነት ስለ ተነጠቀው ሰው ሲጽፍ ሁለቱን በአንድነት ያመጣቸዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ስፍራ «አንስፒከብል» ይላል፤ ይኸውም ያው የማይነገር ማለት ነው። የእግዚአብሔርን ስጦታና የምእመናንን ደስታም በዚሁ ቃል ይጠራል። በዛሬው እንግሊዝኛ ግን ቃሉ ይበልጡን ለአሠቃቂ ክፋት የሚነገር ሆኖአል። አንደበታችን በክፉው ሲደነግጥ በመልካሙ መደነቅን እንዳይረሳ ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ነገር ግን «እግዚአብሔር የማይነገር ከሆነ ስለ ምን ታስተምራላችሁ?» የሚል ቢኖር፥ መልሱ እንዲህ ነው። የማይነገር ማለት ተነግሮ የማያልቅ ማለት ነው እንጂ አይጠራም፥ አይመሰገንም ማለት አይደለም። ከዓባይ በእንስራ የቀዳች ሴት ውሃ አላገኘችም አይባልም፤ እርሷም ወንዙን ጨረስሁት አትልም። ስለዚህ መምህር «ምስጢር ነው» ብሎ ከትምህርት አይሽሽ፤ ተማሪም ሁሉን ዐወቅሁ አይበል።

ኀዘን አፉን የዘጋበት፥ ለጸሎት ቆሞ ቃል ያጣ ሰውም ተስፋ አይቍረጥ። መንፈስ ቅዱስ ድካማችንን እንደሚያግዝ፥ ቃል የሌለው መቃተትም በእግዚአብሔር ዘንድ ከንቱ እንዳልሆነ ሐዋርያው በሮሜ መልእክት በምዕራፍ 8 ያስተምራል።

ደግሞ ይኸው ሐዋርያ የእግዚአብሔርን ስጦታ የማይነገር ብሎ ያመሰገነው የት እንደ ሆነ ተመልከት። በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 8ና 9፥ በኢየሩሳሌም ለነበሩት ድኾች ገንዘብ ስለ ማዋጣት ተናግሮ ሲፈጽም ነው። ምላስ ተናግሮ ያልጨረሰውን ምስጋና እጅ በምጽዋት ይቀጥለዋል። እኛም ለማይነገረው ስጦታ ምላሻችን ዝምታ ብቻ እንዳይሆን፥ የተራበውን በማብላት፥ የታረዘውን በማልበስ እንናገረው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።