አሻራ ያለበት ጡብ

በሳውዝ ካሮላይናዋ ቻርልስተን፣ በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች ጡብ ላይ የጣት አሻራ ይታያል። ጭቃው ሳይደርቅ ያነሡት ባሮች ጥለውት ያለፉት ነው፤ ከመካከላቸው ሕፃናትም ነበሩ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣችው ደንብ (ታሪካዊ ሰፈርን በመከለል በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው) የድሮ ቤቶቹን መልክ ከለውጥ ጠበቀ። ጡቡን ማን እንደሠራው ግን ደንቡን አላሳሰበውም።

የአባቶቹን ቤት የወረሰ ሰው በደላቸውንም ይወርሳል? ሟች ንስሐ አይገባም፤ ሕያው ደግሞ ያልሠራውን ኃጢአት ቢናዘዝ ለታይታ ይመስላል።

ካቶሊኩ ጆሴፍ ራይሊ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተፋጠጡት ዘግይተው ነው። በ1975 የከተማዋ ከንቲባ ሆነው ተመርጠው 40 ዓመት በወንበሩ ቆይተዋል። መጀመሪያ ላይ የቀዘቀዘውን መሀል ከተማ ማነቃቃት፣ በ1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ ያፈራረሰውን መጠገን ሥራቸው ነበር። ከዚያ የኤድዋርድ ቦልን መጽሐፍ አነበቡ። ቦል የባሪያ አሳዳሪዎች ዘር ነው፤ ቤተሰቡ ይገዛቸው የነበሩትን ሰዎች የልጅ ልጆች ፈልጎ አነጋግሯል። በ2000 ራይሊ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ይሠራ አሉ። በዚያው ዓመት፣ ባርነትን ለማስቀጠል የተዋጋው የደቡብ ኮንፌዴሬሽን ባንዲራ ከግዛቱ ምክር ቤት ጉልላት ይውረድ ብለው እስከ ግዛቱ መዲና ኮሎምቢያ በእግራቸው ተጓዙ።

ሙዚየሙ የተከፈተው በ2023፣ እሳቸው ከሥልጣን ከወረዱ ከ7 ዓመት በኋላ ነው። ቦታው የጋድስደን ወደብ ነው፤ ባሮችን ከውጭ ማስገባት በ1808 ከመታገዱ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ከመርከብ የወረዱበት። ሕንፃው በ18 ምሰሶዎች ከመሬት ከፍ ብሎ ቆሟል። እዚህ ዋናው ቅርስ ከሥሩ ያለው ክፍት መሬት ነው፤ ብዙ ሙዚየሞች ይህን አይደፍሩም።

የወንጌሉ ቀራጭ ዘኬዎስ ግን ጥፋቱን በማመን ብቻ አላበቃም፤ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ቻርልስተን የምትደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ራይሊ በ1980ዎቹ ትንንሽ የመንግሥት ቤቶችን ከአሮጌዎቹ ጋር አመሳስለው በየሰፈሩ አሠርተዋል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሆኖም ከተማዋ ባማረች ቁጥር ኪራይ ናረ። በዘመናቸው መጀመሪያ ጥቁሮች ይበዙበት የነበረው ጥንታዊው ባሕረ ገብ መሬት ዛሬ ነጮች ይበዙበታል። ለአያቶቹ መታሰቢያ ሲሠራ የልጅ ልጆቹ ሰፈር ለቀቁ።

በ2018 የከተማው ምክር ቤት፣ በባሮች ጉልበት በታነጸው ማዘጋጃ ቤት ተሰብስቦ፣ ከተማዋ በባርነት ስለነበራት ድርሻ ይቅርታ ጠየቀ። ውሳኔው ያለፈው 7 ለ5 በሆነ ድምፅ ነው።